የፊቻዋ የፊት እግሮች

ዓይን የማያየውን ብረት ለማሳመር የሚደክም ሰው ከሁለት አንዱን ከመሆን አያመልጥም፤ ወይ ከንቱ ነው፣ ወይ ሊሠራው ከሚገባው ሌላ ሥራ እየሸሸ ነው። በክራጉዬቫጽ ከተማ፣ ከሌፔኒጻ ወንዝ ማዶ ባለው የሠራተኞች ሰፈር፣ በዚህ ፍርድ የማይስማማ ሰው አይገኝም ነበር። ኦብራድ ራሱ፣ ነገሩ ዞሮ እርሱ ላይ እስኪደርስ ድረስ፣ ደጋግሞ የተናገረው ይህንኑ ነው። የተናገረውም በወንድሙ ላይ ነው።

ኦብራድ ቀቢ ነው። ከጉርምስናው እስከ ጡረታው በመኪና ፋብሪካው የቀለም ክፍል ሠርቷል። ጡረታ ከወጣ በኋላም እጁ አላረፈም፤ የግቢውን በር፣ የንብ ቀፎዎቹን፣ የውሻውን ቤት፣ የጎረቤቱን የውኃ ፓምፕ፣ የመቃብር መስቀል ሳይቀር ቀባ። ሰፈርተኛው፣ «ኦብራድ ደጅ ብዙ አትቁም፤ ትቀባለህ» እየተባባለ ይስቅበታል። በሥራው የሚታማ አልነበረም። ስለቀረው ጠባዩ ግን ብዙ መልካም መናገር አይቻልም። ክፉ አይደለም፤ የእሁድ ሰው ነበር። የሚወዳቸውን ሰዎች የሚጎበኘው ታጥበው፣ ለብሰው፣ ተስተካክለው በተቀመጡበት ሰዓት ነው። ማን እንዳጠባቸውና ማን እንዳለበሳቸው ጠይቆ አያውቅም።

በጓሮው፣ ከበቆሎ ጎተራው ሥር፣ በአሮጌ ብርድ ልብስ የተጠቀለለ ብረት ለዓመታት ተቀምጦ ኖሯል። ፊቻ የምትባል የአንዲት ትንሽ መኪና የፊት እግሮች ናቸው፤ ጎማዎቹን ከአካሏ የሚያያይዙት ሁለቱ ብራቾዎች፣ ከሥር ግራና ቀኙን አያይዞ የሚሸከመው ባሌስትራ፣ ጎማዎቹ የሚዞሩባቸው ወፋፍራም ፒኖች፣ ሁለቱ የፊት ጎማዎችም ጭምር። የቀረችው መኪና፣ ማለትም ሰማያዊው አካሏ፣ ወንበሮቿ፣ መሪዋና ከኋላ የተቀመጠው ሞተሯ፣ ከመንገዱ ማዶ በታላቅ ወንድሙ በግቮዝደን ግቢ፣ አፍንጫዋን በሁለት ግንድ ላይ አሳርፋ ከፕሪም ዛፍ ሥር ቆማለች። የአንድ አባት ልጆች አንዲት ትንሽ መኪና እንዲህ የተካፈሉበት ሌላ ሰፈር ካለ አልተሰማም።

ፊቻዋ የአባታቸው የቲዮሳቭ ነበረች። ቲዮሳቭ በፋብሪካው ብረት ሲያቀልጡ ኖረው፣ ብዙ ጠብቀው ያገኟት የመጀመሪያና የመጨረሻ መኪናቸው ናት። አራት ነፍስ፣ አንድ ድንኳንና ጣሪያዋ ላይ የታሰረ ሐብሐብ ጭነው እስከ ባሕር ድረስ ወስደዋታል፤ ዳገት ላይ ሞተሯ እንዳይግል የኋላ ክዳኗን ከፍተው በእንጨት ደግፈው። ግቮዝደን የመጀመሪያ ልጃቸው አይደለም፤ የመጀመሪያ የቆየላቸው ልጅ ነው። ከእርሱ በፊት የተወለዱት ስለሞቱባቸው፣ ይህኛው እንኳ ይጠንክርልን ብለው ስሙን «ብረት» አሉት፤ ግቮዝደን ማለት ያ ነው። እርሱም እንደ ስሙ ከበድ ያለ፣ ቃል የማያበዛ ሰው ሆኖ አደገ። በፋብሪካው ብረት ገጣሚ ነበር፤ ታናሽ ወንድሙ ቀብቶ የሚልከውን ብረት ተቀብሎ የሚያስረው እርሱ ነው። በቀቢና በገጣሚ መካከል ያለው ጠብ በዚያ ከተማ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። ቀቢው «ቀለሜን ቧጠጥክብኝ» ይላል፤ ገጣሚው «ቀዳዳዬን ደፈንክብኝ» ይላል። ወንድማማቾቹ ይህን ጠብ በየምሳ ሰዓቱ እንደ ጨዋታ ይዘውት ዕድሜያቸውን ገፉ።

ከዚያ ቲዮሳቭ ወደቁ። ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ አለ። ግቮዝደን ከአባቱ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ይኖር ስለነበር፣ እርሱና ሚስቱ ፔርሲዳ ሦስት ዓመት ሙሉ አጠቧቸው፣ አጎረሷቸው፣ አነሥተው አስቀመጧቸው። ኦብራድ እሁድ እሁድ ጢሙን ተላጭቶ፣ ሚስቱ ሚሉንካ የጋገረችውን ኬክ ይዞ መንገዱን ይሻገራል። በጋ ከሆነ አባቱን የሚያገኛቸው ፊቻዋ ውስጥ ነው፤ ከመሪው ኋላ ተቀምጠው፣ በደኅነኛው እጃቸው መሪውን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ እያዞሩ።

«ወዴት ነው የምንሄደው፣ አባባ?» ይላቸዋል አጠገባቸው ገብቶ።

«ወደ ባሕር» ይላሉ በተጣመመው አፋቸው፤ ሁለቱም ይስቃሉ።

አንድ እሁድ ኦብራድ ሲመጣ የግቮዝደንን እግሮች ከመኪናዋ ሥር ወጥተው አያቸው። ሳር ላይ በጀርባው ተንጋሎ የሆነ ነገር ይሠራል። ከፊት ጎማዎቹም ሥር ሁለት ቆርቆሮ ተነጥፏል።

«የማትሄድ መኪና ሥር ምን ትሠራለህ?» አለው ኦብራድ። «ማንም የማያየውን ብረት መወልወል! ከንቱ ድካም እኮ ነው።»

ግቮዝደን ከሥር ሆኖ ሥራውን ቀጠለ። ኦብራድም ኬኩን በላ፣ አባቱን ሳመ፣ ወደ ቤቱ ሄደ።

ቲዮሳቭ ሞቱ። በአርባኛው ቀን፣ ከመቃብር መልስ፣ ዘመድ ጎረቤቱ በግቮዝደን ግቢ በረጅሙ ማዕድ ዙሪያ እንደተቀመጠ፣ ኦብራድ ፊቻዋን ወስጄ አዲስ አድርጌ እቀባታለሁ አለ።

«ከዛፉ ሥር አትነቃነቅም» አለ ግቮዝደን።

«የአባቴ ናት። ግማሿ የኔ ነው።»

«እንግዲያው ግማሽህን ውሰድ።»

ይህ ንግግር ሰውን ወደ ልቡ ለመመለስ የሚነገር ነው፤ ማንም በቁሙ አይወስደውም። ኦብራድ በቁሙ ወሰደው። ቤቱ ሄዶ ክሪክና የመፍቻ ሣጥን አመጣ፤ የሐዘን ልብሱን እንደለበሰ ተንበረከከ፤ ሐዘንተኛው ጉርሻውን በአፉ ይዞ እያየ፣ የመኪናዋን የፊት ግማሽ ፈትቶ በእጅ ጋሪ ወሰደ። ግቮዝደን ሁለት ግንድ አንከባሎ አፍንጫዋን አሳረፈባቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ቃል አልተለዋወጡም። የቤታቸውን በዓል ኅዳር ሚካኤልን እንኳ፣ በአባታቸው ዘመን በአንድ ሻማ ሲያከብሩት የኖሩትን፣ ትይዩ በሆኑ ሁለት ቤቶች በሁለት ሻማ ያከብሩት ጀመር።

ዓመታት በዚህ አለፉ። አንድ የመከር ጧት፣ ሚሉንካ በጓሮው ምድጃ ለክረምት የሚቀመጠውን ቀይ ቃሪያ እየጠበሰች፣ ትኩስ ልጣጩ ጣቷን እያቃጠላት፣ ለባሏ ወሬ አመጣችለት።

«ፔርሲዳን ገበያ አገኘኋት።»

«እና?»

«እናማ ከሚካኤል በኋላ ቁርጥራጭ ብረት ሰብሳቢው ይመጣል። ግቮዝደን ራሱ ጠርቶታል። ፊቻዋን ሊሰጣት ነው።»

«አይሰጣትም።»

«ይሰጣታል። ‹ግንድ ላይ ተደፍታ ባየኋት ቁጥር ዳሌዬን ያመኛል› ብሏል።»

«ዳሌውን ዱሮም ያመዋል።»

«ኦብራድ፣ ስማኝ። ያቺ መኪና ከሄደች ያንን በር የምታንኳኳበት ምን ሰበብ ይቀርሃል? ይሄን ሁሉ ዘመን ብረት ታቅፈህ ተቀምጠሃል። ከዚያ በኋላ የማን እግር ነው ልትል ነው?»

ኦብራድ ተነሣ። ጎተራው ሥር ገብቶ ጥቅሉን ጎትቶ አወጣ፤ ብርድ ልብሱንም ገለጠ። ብረቱ ዝጓል፤ የተለቀለቀበት ሬንጅ ተሰነጣጥቆ እንደ ቁስል ቅርፊት ተነሥቷል። በዚያች ሰዓት ማድረግ የሚገባው ግልጽ ነበር፤ ጥቅሉን በጋሪ ጭኖ፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ በሩን ማንኳኳት። መንገዱም ሰፊ አይደለም። እርሱ ግን፣ «እንዲህ ዝጎ ብመልስለት አበላሽቶ መለሰው ይለኛል፤ እንከን የማይወጣለት አድርጌ ነው የምመልሰው» ብሎ ወሰነ። እልህ ብዙ ሲቆይ ትጋት ይመስላል።

በመጀመሪያ ሬንጁን ልጦ አነሣ። ተጣብቀው እንቢ ያሉትን ብሎኖች ነጭ ጋዝ አጠጥቶ አሳደራቸው። ሚሉንካ ከቤት የወጣችበትን ሰዓት ጠብቆ ደግሞ፣ የአሳማ ስብ የምታቀልጥበትን ትልቁን ድስት ከምድጃው ላይ ጥዶ፣ ኮስቲክ ሶዳ በጥብጦ ብራቾዎቹን ቀቀላቸው። አሮጌው ቀለም እንደ ወተት ስልባቦት ተጨማዶ ይንሳፈፍ ጀመር።

ሚሉንካ ስትመለስ ሽታው ከበሩ ላይ አስቆማት።

«ምንድን ነው የምታበስለው?»

«ምንም።»

«ምንም እንዲህ አይሸትም። ክዳኑን ክፈት።» ጎንበስ ብላ አየች። «የወንድምህን መኪና እግር! በኔ ድስት! ምነው፣ ለሚካኤል የሾርባ አጥንት አጣን?»

«ይታጠባል፣ ይጸዳል።»

«አንተ ታጥበህ ትጸዳለህ? በዚህ ድስት ከእንግዲህ ለሰው የሚበላ ስብ አላቀልጥም። ራስህን አቅልጥበት!»

ከድስቱ ያወጣቸውን ብረቶች በሽቦ ብሩሽ ፈተጋቸው፤ ብሩሹ የማይደርስበትን ጥግ በሞረድ ጫፍ፣ ሞረዱ የማይደርስበትን በጥፍሩ። ባሌስትራውን ፈትቶ ዝርግ ብረቶቹን አንድ በአንድ ለያያቸው፤ በብርጭቆ ወረቀት እንደ ብር ማንኪያ እስኪያበሩ ፈተጋቸው። ከዚያ በሽቦ አንጠልጥሎ በፖም ዛፉ ቅርንጫፍ ላይ ሰቀላቸው። ጎረቤቱ ራደንኮ በትራክተሩ ሲያልፍ አይቶ ፍጥነቱን ቀነሰ።

«ኦብራድ! ዘንድሮ ምነው አሳማህን ቀድመህ አረድክ?»

«እለፍ፣ ራደንኮ።»

«ጭስ አብዛለት፤ ሥጋው ገና ጥሬ ነው። የኋላ እግሩንስ ወንድምህ ሰቅሎት ይሆን?»

«እለፍ አልኩህ፤ ቆመህ ከቆየህ ትቀባለህ!»

ቀለም ከመቀባቱ በፊት የመጨረሻ ያደረገው ፒኖቹን መፍታት ነበር። ጎማው ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚዞርባቸው እነዚህ ወፍራም ዘንጎች በውጭ ዝገት ለብሰው ስለነበር፣ ውስጣቸውም እንዲሁ ይሆናል ብሎ ጠብቋል። በመዶሻ መትቶ ሲያወጣቸው እጁ ቆመ። ውስጣቸው በግሪስ የተሞላ ነው። ጠቁሮ እንደ ሸክላ የደረቀ ግሪስ አይደለም፤ ቢጫ፣ ለስላሳ፣ ጣት ሲነካው የሚታዘዝ፣ ከመብዛቱ የተነሣ በየጠርዙ ተርፎ የወጣ ነው። ይህን ያህል ግሪስ አንድ ጊዜ ተሞልቶ አይገኝም። አንድ ሰው ቶሎ ቶሎ ሲሞላው ኖሯል። መኪናዋ ግን አባታቸው ከታመሙበት ጊዜ ጀምሮ እስከ ሞቱበት ቀን ከዛፉ ሥር ንቅንቅ አላለችም። ታዲያ ለማን?

ኦብራድ ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠ።

የቆመች መኪና መሪ ከባድ ነው። ጎልማሳ ሰው እንኳ በሁለት እጁ ታግሎ ነው የሚያዞረው። አባቱ ግን ግማሽ አካላቸው የሞተ ሽማግሌ ሆነው፣ በአንድ እጃቸው፣ እንደ ሕፃን እየሳቁ ያዞሩት ነበር። ኦብራድ አጠገባቸው ተቀምጦ ያን እጅ እሁድ እሁድ አይቶታል። ቀላል የሆነው ለምን እንደሆነ አንድ ቀን አልጠየቀም። ቆርቆሮዎቹ ትዝ አሉት፤ ጭቃ እንዳይነካት የተነጠፉ መስለውት ነበር። ጎማዎቹ እንዲንሸራተቱ ነው። ግቮዝደን ሳር ላይ በጀርባው የተኛው ለመኪና አልነበረም። አባቱ ወደ ባሕር መሄድ እንዲችሉ ነበር። ኦብራድ ደግሞ በአርባቸው ቀን፣ ከመኪናዋ ሁሉ መርጦ፣ ይህንኑ ፈትቶ ወሰደ።

ጣቱ ላይ የቀረውን ግሪስ ለረጅም ጊዜ አልጠረገውም።

መንገዱን መሻገር የሚገባው በዚያች ደቂቃ ነበር፤ ለሁለተኛ ጊዜ ሳይሻገር ቀረ። በፊት ያቆመው እልህ ነበር፤ አሁን ኀፍረት አቆመው። ለእግሩ ያው ነው። ብሩሹን አነሣ። ቀዩን ጸረ ዝገት ቀለም ቀባ፤ ሲደርቅ ፈተገው፣ ደገመው። ከዚያ ጥቁሩን ቀባ፤ ደግሞ ፈተገው፤ ደግሞ ቀባው። ያፈረ ሰው ቀለም አይቆጥብም። ጀርባውን፣ ጠርዙን፣ ብረት ከብረት የሚቀመጥበትን ገጽ፣ የብሎን ቀዳዳውን ውስጥ፣ የባሌስትራውን ዝርግ ብረቶች ሆድና ጀርባ፣ ሁሉንም አዳረሰ። ፊቱን ብረቱ ላይ እስኪያይ ድረስ ቀባ።

«ለማን ነው እንዲህ የምታሳምረው?» አለችው ሚሉንካ፣ በረንዳው ላይ ሽንኩርት እየላጠች። «መኪና ሥር ገብቶ ማን ያየዋል?»

«እሱ ያየዋል።»

«እሱ? ዳሌውን ታሞ ጫማውን ማሰር ያቃተው ሰው?» ቢላዋዋን አስቀመጠች። «ብረቱ አልቋል፣ ኦብራድ። አንተ ነህ ያላለቅኸው።»

የሚካኤል ዕለት ኦብራድ የራሱን ሻማ ሳያበራ ሙሉ ልብሱን ለበሰ። በዚያ አገር ለቤት በዓል ማንም አይጠራም፤ የመጣም አይመለስም። በዚህ ቀን እንግዳ ያባረረ ሰው ስሙ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ኦብራድ ቀኑን የመረጠው ለዚህ ነው፤ ይህም ድፍረት ሊባል አይገባውም። ብረቱን ጋሪው ላይ ደርድሮ በነጭ የገበታ ጨርቅ ሸፈነው። ሚሉንካ ያልበራውን ሻማ ይዛ ተከተለችው።

በሩን የከፈተችው ፔርሲዳ ናት። ኦብራድን አየች፣ ጋሪውን አየች።

«እንኳን አደረሳችሁ» አላት።

«እንኳን አብሮ አደረሰን። ምንድን ነው የሸፈንከው፣ ጠቦት ነው?»

«እግር ነው።»

ቤቱ በእንግዳ ተሞልቷል። ግቮዝደን ከማዕዱ ራስ፣ ከሚነደው ሻማ ኋላ፣ በትሩን በጉልበቶቹ መሐል አቁሞ ተቀምጧል። እንግዶቹ ሁሉ ወደ በሩ ዞሩ።

«ግባ» አለ ግቮዝደን ሳይነሣ። «ሚካኤል ነው፤ ዛሬ ማንም አይባረርም።»

«እኔም ለዚህ ነው ዛሬ የመጣሁት።»

አንድ ሰው በአረቄው ታነቀ። ፔርሲዳ ሳቋን በሽርጧ ሸፈነች። ግቮዝደን እጁን ዘረጋና አንዱን ብራቾ አምጡልኝ አለ። በዳቦውና በተጠበሰው ሥጋ መሐል፣ ነጩ ጨርቅ ላይ አስቀመጡለት። አነሣው፤ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው፤ አገላበጠው። ጥቁሩ ቀለም የሻማውን እሳት እንደ መስታወት ይመልሳል። ከእንግዶቹ አንዱ «እግዜር ያሳይህ፣ እንዴት ያለ እጅ ነው!» አለ። ግቮዝደን አውራ ጣቱን በብረቱ ገጽ ላይ አሄደና ከቀዳዳው አፍ ሲደርስ ቆመ። ትንሿን ጣቱን ሊያስገባ ሞከረ።

«ቀዳዳውን ቀባኸው» አለ።

«ዝገት እንዳይገባበት ነው።»

«ዝገት አይገባም። ብሎንም አይገባም!»

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ኦብራድ ጆሮው ድረስ ቀላ።

«መቀመጫውንም ቀብቶታል፣ እዩት» አለ ግቮዝደን ብራቾውን ከፍ አድርጎ፤ ድምፁ ለዓመታት ያልተሰማ ሕይወት ነበረው። «ብረት ከብረት የሚነካካበትን! ይህ ቢታሰር ቀለሙ ተፈርፍሮ በሳምንቱ የብሎኑ ዳዶ ይላላል። ባሌስትራውንስ? ውስጥ ለውስጥ አልቀባኸውም በለኝ።»

«...ቀብቼዋለሁ።»

«እናንተ ቀቢዎች መቃብራችሁንም ከውስጥ ነው የምትቀቡት!»

«እናንተ ገጣሚዎች ደግሞ» አለ ኦብራድ፣ አፉ ከአእምሮው ቀድሞ፣ «የሰው ቀለም ካልቧጠጣችሁ እንጀራ አይዋጥላችሁም።»

«ነገ እንቧጥጣለን» አለ ግቮዝደን። «አሁን ተቀመጥ። ፔርሲዳ፣ አረቄ ስጪው። የያዛችሁትን ሻማ ደግሞ እዚያ አስቀምጡት፤ አንድ ይበቃል።»

በማግስቱ ሁለቱ ወንድማማቾች በግቮዝደን የብረት መያዣ ሞርሳ ፊት ቆመው ሲፍቁ ዋሉ። ኦብራድ በመከር ወራት ሙሉ ያስቀመጠውን ቀለም ከመቀመጫው፣ ከቀዳዳው፣ ከባሌስትራው ሆድ ላይ በሞረድ እያነሣ ወለሉ ላይ ያራግፈዋል። ግቮዝደን በትሩን ተደግፎ «እዚህ ጋ ቀርቷል፣ እዚያ ጋ ቀርቷል» ይላል። የቀረው፣ ማለት ከምንም ጋር የማይነካካው ገጽ፣ እንዳማረ ቆየ። ግቮዝደን ይህን አላመሰገነም፤ ግን ሞረዱ እንዳይነካው ጨርቅ ጠቀለለበት።

ብረት ሰብሳቢው በቀጠሮው ከግቢው በር ደረሰ።

«ተመለስ» አለው ግቮዝደን። «እግር አብቅላለች።»

«ምን ልውሰድ ታዲያ? ነዳጄን አቃጥዬ መጥቼ!»

«ነገ ናና ግንዶቹን ውሰድ፤ ከእንግዲህ አንፈልጋቸውም።»

ፊቻዋን በክሪክ አንሥተው እግሯን መለሱላት። ግቮዝደን በዳሌው ምክንያት ከሥር መተኛት ስለማይችል፣ የሚተኛው ኦብራድ ሆነ፤ ታላቁ እያዘዘ፣ ታናሹ እያሰረ። ፒኖቹን በአዲስ ግሪስ የሞላቸው ኦብራድ ነው፤ ማንም ሳያዘው ጠርዙ ላይ እስኪተርፍ ሞላቸው። የብራቾዎቹ መጋጠሚያ ላስቲኮች ግን መኪናዋ መሬት ረግጣ፣ ሰው ተቀምጦባት ካልሆነ ዳዶዎቻቸው እስከ መጨረሻው አይጠብቁም፤ አለዚያ ላስቲኮቹ ተጠምዝዘው ይቀደዳሉ። ፔርሲዳ ከጎተራ ሁለት ቆርቆሮ አመጣች። ያው የዱሮዎቹ ናቸው፤ ግቮዝደን አልጣላቸውም ነበር። ጎማዎቹ ሥር አነጠፈቻቸው፤ ፊቻዋም ከክሪኩ ወርዳ ቆመችባቸው። ግቮዝደን ከመሪው ኋላ ተቀመጠ፤ ሁለቱ ሴቶች ከኋላ ገቡ።

«ይኸው በስተርጅና ለክብደታችን ተፈለግን» አለች ሚሉንካ።

«አንቺ ብቻሽን ትበቂ ነበር» አለች ፔርሲዳ፤ መኪናዋ በሳቃቸው ተወዛወዘች።

«አትንቀሳቀሱ!» አለ ኦብራድ ከሥር። ቀዝቃዛው መሬት ጀርባውን ይዞታል፤ የወንድሙ ጫማ ከራሱ በላይ፣ ከስሱ ወለል ማዶ ነው። መፍቻውን ከዳዶው ላይ አሳርፎ አንድ ጊዜ አዞረ። ከዚያ፣ ታናሽ ታላቁን የሚጠራበትን፣ ከአርባው ቀን ጀምሮ ከአፉ ያልወጣውን ቃል ጠራ።

«ባታ።»

«ምን?» አለ ግቮዝደን ከላይ።

«ግሪሱን አየሁት።»

«የቱን?»

«ፒኑ ውስጥ ያለውን። አባባ በአንድ እጁ እንዲያዞር ብለህ የሞላኸውን።» ዳዶውን አጥብቆ ጨረሰ። «እኔ አጠገቡ ተቀምጬ እስቅ ነበር። አንድ ቀን አልጠየቅኩህም። ከዚያ መጥቼ እግሯን ፈትቼ ወሰድኩብህ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ግቮዝደን በበትሩ ጫፍ ወለሉን መታ አደረገ።

«ዳዶውን ጨረስከው?»

«ጨረስኩት።»

«የግራውንም?»

«የግራውንም።»

«እንግዲያው ውጣ። መሬቱ ቀዝቅዟል፤ ሳንባህ የብረት አይደለም።»

ኦብራድ ተጎትቶ ወጥቶ ልብሱን ሲያራግፍ፣ ግቮዝደን አንድ እጁን ጭኑ ላይ አሳርፎ በሌላው መሪውን ያዘ። ወደ ግራ አዞረው፤ ጎማዎቹ ቆርቆሮው ላይ ተንሸራተቱ። ወደ ቀኝ አዞረው። ከመሪው ላይ ዓይኑን ሳያነሣ የጎን በሩን በትሩን ዘርግቶ ከፈተለት፤ ኦብራድም ገብቶ አጠገቡ ተቀመጠ። ወዴት እንደሚሄዱ ማንም አልጠየቀም።

በመግቢያው የተቀመጠው ፍርድ በኦብራድ ላይ ጸንቷል፤ ብረት ሲያሳምር የሸሸው ሥራ ነበረ፤ ከቀለሙም ብዙው ተፍቆ ወለል ላይ ወድቋል። በግቮዝደን ላይ ግን አልጸናም። ማንም ያላየው ያ ግሪስ በዚያ ግቢ ከተሠሩት ሥራዎች ሁሉ የተሻለው ነው። ኦብራድ ለወንድሙ ብረት መመለስ ብቻ አልነበረበትም። አባቱን ሦስት ዓመት አንሥቶ ላስቀመጠ ሰው አንድ «አጠፋሁ»ና አንድ «አመሰግናለሁ» ነበረበት። የመጀመሪያውን፣ ዘግይቶም ቢሆን፣ ከመኪና ሥር ተንጋሎ ተናግሯል። ሁለተኛው ገና አለበት።